ለደሴ ከተማ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት፦ ስለ ጉድጓድ ዱቄቱ እውነቱን ንገሩን

ይድረስ ለደሴ ከተማ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለከተማ አስተዳደሩ ጤና መምሪያ እና ለንግድና ገበያ ልማት መምሪያ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

በከተማችን በቧንቧና በፍሳሽ መስመር ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጥያቄው የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሰው ቤት ስገባ፣ ገና መፍቻዬን ሳላወጣ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል። «ወንድምዓለም፣ ያ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያደርቀው ዱቄት እውነት ይሠራል? ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ሸዋ በርም ይጠይቁኛል፣ ገራዶም ይጠይቁኛል፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈርም ይጠይቁኛል። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያው ሞልቷል። አንዱ «ባክቴሪያ» ይለዋል፣ ሌላው «ኢንዛይም»፣ ሌላው ዝም ብሎ «ኬሚካል»። ተስፋው ግን አንድ ነው፦ ይህን ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ መምጠጫ መኪና መጥራት ቀረ።

አይቀርም። የእኔ መልስ ይኸው ነው። ግን የአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ቃል በየቀኑ ስልክ ላይ ብቅ ከሚል ማስታወቂያ ጋር አይወዳደርም። የእናንተ ይወዳደራል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ዱቄቱ መመጠጥን እንደማይተካ ለነዋሪው በይፋ ንገሩት፤ ማስመጠጡን ደግሞ ቀላል አድርጉለት።

ነገሩን ከመሠረቱ ላስረዳ። ሴፕቲክ ታንክ (የቤቱ ፍሳሽ መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ) ውስጥ የገባ ፍሳሽ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ቅባቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ታች ይዘቅጣል፣ መሐል ያለው ውኃ ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ማስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። ታች የተኛውን ዝቃጭ የሚያብላሉት ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱን ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም፤ ከእኛው ሆድ ነው የሚመጡት። በአንድ ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ ባክቴሪያ አለ። ቤተሰቡ በየቀኑ ሳያስበው ይጨምረዋል። በዚህ ላይ አንድ ከረጢት ዱቄት መጨመር፣ ቦርከና ላይ አንድ ጆግ ውኃ እንደ መድፋት ነው። በተለመደው መጠን በረኪና ለተጠቀመ ቤትም ቢሆን ባክቴሪያው በራሱ ጊዜ ያገግማል። ጉድጓዱ ከተመጠጠ በኋላ «ማስጀመሪያ» ግዙ የሚሉም አሉ። አዲስ ፍሳሽ እንደገባ ባክቴሪያውም አብሮ ገብቷል፤ ሌላ ማስጀመሪያ የለውም። እርሾና የጠላ አተላ የሚጨምሩ ሰዎችም አጋጥመውኛል። እሱም አይጠቅምም፤ ለታንኩ ተጨማሪ ምግብ ነው የሚሆነው።

ባክቴሪያው ደግሞ የቱንም ያህል ቢበዛ ሁሉን አይጨርስም። አሸዋ አይበላም። አመድ አይበላም። ፀጉር፣ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ፌስታል ጉድጓድ ውስጥ እንደገቡ ይቀመጣሉ። የቡና አተላም በቀላሉ አይበሰብስም፤ እኛ ደግሞ ቀን በቀን ቡና የምናፈላ ሰዎች ነን። ለአረፋም ለፋሲካም ፈርሱን ሽንት ቤት የሚደፋ ቤት አለ። በዚህ ላይ ደሴ ብርድ ናት። 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ሥር ተቀምጠን የባክቴሪያው ሥራ ዝግ ቢል አይገርምም። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ሙቀቱ ይረዳቸዋል። እዚያም ቢሆን ግን የማይበሰብሰው አይበሰብስም። መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ መመጠጥ።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ተመራማሪዎች ሰዎች በሚኖሩባቸው ቤቶች የሚያገለግሉ 48 ሴፕቲክ ታንኮችን ወስደው፣ ለአንዳንዶቹ ሦስት ዓይነት የባክቴሪያ ምርት እየጨመሩ፣ ሌሎቹን ምንም ሳይጨምሩ ተከታትለዋል። በዝቃጩ ክምችት ላይ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየም። የደቡብ አፍሪካው የኩዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚሸጡትን ምርቶች እንደኛ አገር ባሉ ደረቅ የሽንት ቤት ጉድጓዶች ላይ ፈትኗል። እዚያም የተጨመረበትና ያልተጨመረበት ልዩነት አልነበረውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ለመኖሪያ ቤት ታንክ እነዚህን ምርቶች አይመክርም። የሚመክረው ታንኩን እየለኩ፣ በአብዛኛው በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ማስመጠጥን ነው።

«ታዲያ ጎረቤቴ ጨምሮ ወረደለት» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይህን በደንብ ማየት አለብን፤ ዱቄቱን እያሸጠ ያለው ይህ ምስክርነት ነውና። ክረምት ላይ የደሴ አፈር ውኃ ይጠግባል። ጎርፉ በክዳኑ ስንጥቅ ይገባል፣ ማስረጊያው መጥጦ አይጨርስም፣ ጉድጓዱ አፉ ድረስ ይመጣል። ባለቤቱ ይደነግጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዱቄቱን ይገዛል። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ያቆማል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ ውኃው በራሱ ጊዜ ይሰርጋል። ጉድጓዱ ወረደ። ምስጋናው ለዱቄቱ ይሄዳል። የወረደው ግን ውኃው ነው። ዝቃጩ ታች እንዳለ ነው። እንጨት አስገብቶ የሚለካው ስለሌለ ይህ አይታይም። በሚቀጥለው ክረምት ያው ችግር ይመለሳል፣ ያው ዱቄት ይገዛል።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ በጣም እሰጋለሁ። አንዳንዱ ምርት በእርግጥ ዝቃጩን ያቀጥነዋል። ገዢው የሚፈልገውም ይህን ነው። ግን የቀጠነው ዝቃጭ የት ሄደ? ታንኩ ውስጥ መቅረት የነበረበት ጠጣር ነገር ከውኃው ጋር ወደ ማስረጊያ ጉድጓዱ አለፈ ማለት ነው። እዚያ የድንጋዩንና የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። የተደፈነ ማስረጊያ በመምጠጥ አይድንም፤ አዲስ መቆፈር ይጠይቃል። በደሴ አቀበት ላይ ደግሞ የእኔ ማስረጊያ ያልመጠጠው ፍሳሽ ከታች ባለው ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚወጣው። ከተማችን መሬቷ የሚንሸራተት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በተዳፋት ላይ ውኃ ማጠራቀም ቀልድ አይደለም።

ካስቲክ ሶዳ፣ አሲድ፣ ነጭ ጋዝና የተቃጠለ ዘይት የሚደፉም አሉ። አሲዱ ኮንክሪቱን ይበላል። ካስቲክ ሶዳው ያሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ጋዙና ዘይቱ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳሉ። በአሜሪካ ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የሆነው ይህ ነው፤ ለሴፕቲክ ማጽጃ ተብሎ የተሸጠው ኬሚካል የሚጠጡትን የከርሰ ምድር ውኃ በከለው፤ ከዚያ በኋላ ሽያጩ በሕግ ተገደበ። እኛ ከላይ የደፋነው ደግሞ በቦርከና አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እዚያ ያሉት ወንድም እህቶቻችን ናቸው።

ዱቄት የሚገዛውን ሰው አልወቅስም። ሴፕቲክ ታንክ ማስመጠጥ ለብዙ ቤት ከባድ ወጪ ነው። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት ተከራይ አንድ ጉድጓድ ይጠቀማል፤ ሲሞላ ክፍያው በባለቤቱና በተከራዩ መሐል ጭቅጭቅ ይሆናል። መንገዱ ጠባብ ኮብልስቶን ነው፣ አቀበት ነው፤ ትልቁ መኪና አይደርስም። ክዳኑን ፍለጋ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ስንት ቤት ሄጄ ክዳኑ በሴራሚክ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ ኩሽና ተሠርቶበት አግኝቻለሁ። እንዲህ የተቸገረ ሰው «አንድ ከረጢት ይበቃሃል» ሲሉት ቢያምን ምን ይገርማል?

ስለዚህ ማስታወቂያው ብቻውን አይበቃም። በእርግጥ ከእሱ ጀምሩ። በውኃ ሒሳብ ደረሰኝ ላይ፣ በየቀበሌው ሰሌዳ፣ በከተማው ኤፍ ኤም ጣቢያዎች በአጭሩ ንገሩ፦ ዱቄት መመጠጥን አይተካም፤ ዝቃጩ የታንኩን ሲሶ ሲይዝ አስመጥጡ። በረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እንዴት እንደሚለካ አሳዩ። ከዚያ የመምጠጫ አገልግሎቱን ዋጋና ወረፋ በግልጽ ለጥፉ። ለጠባብ ሰፈር የሚሆን ትንሽ መኪና ወይም ረጅም ቱቦ አስቡ። ክፍያውን በየወሩ ከውኃ ሒሳብ ጋር በትንሽ በትንሹ መክፈል ቢቻል ድንገተኛውን ድንጋጤ ይቀንሰዋል። ብዙ ሰው እፎይ ይላል ብዬ አምናለሁ። የተመጠጠውም የት እንደሚራገፍ ነዋሪው ማወቅ አለበት፤ ወንዝ ዳር ከተደፋ ምኑን አስመጠጥነው? አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ፈቃድ ሲወስድ የታንኩ ክዳን በቀላሉ የሚከፈት፣ የአየር ማስወጫ ቱቦው በሥርዓት የቆመ መሆኑ ይታይ። ሽታ የሚያስቸግረው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ይህ ቱቦ ነው፤ ወይም በሲፎኑ (ሽታውን በውኃ በሚዘጋው የቧንቧ መታጠፊያ) ያለው ውኃ ደርቋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክዳን ከፍተው የሚያጎነብሱ፣ ይባስ ብሎም ወደ ጉድጓድ የሚወርዱ ወጣቶች አሉ። እዚያ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሜቴን አለ። የመጀመሪያው ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያጠፋል፤ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል፣ ከዚያ ይወድቃል። ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይሞታል። ሁለተኛው በክብሪት ይነዳል። እባካችሁ በማስታወቂያችሁ ላይ ይህ በትልቁ ይጻፍ፦ ማንም ጉድጓድ ውስጥ አይግባ፣ እሳት አያቅርብ።

ለንግድና ገበያ ልማት መምሪያ የምለው አጭር ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላሉ። «መመጠጥ ቀረ» የሚል ሻጭ ማስረጃውን ያቅርብ። ቢያንስ ከረጢቱ ላይ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ በአማርኛ ይጻፍ።

ምናልባት የእኛ አገር ሁኔታ የተለየ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በእጃችን አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። ገበያ ላይ ያሉትን ምርቶች ይውሰድ፣ በሁለቱም ከተሞች በግማሾቹ ታንኮች ይጨምር፣ ግማሾቹን ይተው፣ ክረምትም በጋም ዝቃጩን ይለካ። ፈቃደኛ ባለቤቶችን በማግባባት እኔ እረዳለሁ፤ የምከፍትበት ዋጋም አልጠይቅም።

መልሳችሁን ክረምቱ ሳይገባ እንድትሰጡን እለምናለሁ። ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ አፉ ድረስ የሞላበት ሰው ቆም ብሎ የሚያነብበት ጊዜ የለውም፤ ያኔ የሚያየው ማስታወቂያ የሻጩን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የደሴ ከተማ ነዋሪና የቧንቧ ሠራተኛ