እንስሳ ስላወራ ብቻ ለሕፃን ይሆናል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ብዙዎቻችን እንስሳ የሚያወራበት ፊልም ካገኘን ልጆቻችንን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለ የአንበሶች ካርቱን ፊልም ለአራት ዓመት ልጄ ከፈትኩላት። አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የተሰጠው ደረጃ «ጂ» ነው፤ ለሁሉም ዕድሜ ማለት ነው። ዘፈኑ ሲመጣ ስትጨፍር ቆየች። አባትየው አንበሳ ሞቶ ግልገሉ ክንዱ ሥር ሲገባ ግን ድምጿ ጠፋ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። መጥታ ቀሚሴን ያዘችና «እማዬ፣ አባቱ ለምን አይነሳም?» አለችኝ። ሦስት ሌሊት አባቷ ከሥራ እስኪገባ አልተኛም ብላ አስቸገረችኝ። አንጀቴን በላችው።

እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ አዲስ ሲሠራ ደረጃው «ፒጂ» ሆነ፤ ወላጅ ይከታተል ማለት ነው። ታሪኩ ያው ነው። እንስሳቱ ግን ቁርጥ የእውነቱን ይመስላሉ፤ ለትንሽ ልጅ ደግሞ ይህ ከባድ ነው።

በእኛም ተረት ጅብ አህያን ይበላል። አያቴ ግን ስትተርትልን ዓይን ዓይናችንን ታይ ነበር። ከፈራን ጅቡን ቂል ታደርገዋለች። ፊልም ልጅ መፍራቱን አያይም።

ስለዚህ የልጆች ፊልም ስትጠቁሙ ደረጃውን ብቻ አትጻፉልን። ወላጅ ይሞታል ወይ? ግልገሉ ብቻውን ይቀራል ወይ? አስፈሪው ቦታ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው? እሱን ከነገራችሁን ሽንኩርቱን ትተን አጠገባቸው እንቀመጣለን።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ