የተኛ ሰው አታንሺ

ልጄ፣ ትናንት አክስትሽ ደወለች። ባቡር ውስጥ አንድ ሰውዬ ካሜራሽን ሊነጥቅሽ ነበር አለችኝ። ለምን ከሷ እሰማለሁ? ዛሬውኑ ደውዪልኝ፣ ድምፅሽን ልስማ።

ሰውዬው ተኝቶ ሳለ ፎቶ አንስተሽው ነው አሉ። እናቴ፣ እንቅልፍ የጣለውን ሰው አታንሺ።

ስለ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ስለ ዎከር ኢቫንስ የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 እዚያው አንቺ በምትሳፈሪበት የኒውዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ፣ ካሜራውን ካፖርቱ ሥር ደብቆ፣ ሌንሱን በቁልፎቹ መሃል አሾልኮ፣ የማንሻውን ገመድ በእጅጌው አሳልፎ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያነሳ ነበር። ፎቶዎቹን እወዳቸዋለሁ። ሰው የሚያየው የለም ብሎ ሲያስብ የሚኖረው ፊት እዚያ አለ። ግን እሱም በመጽሐፍ ያወጣቸው በ1966 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ! አንቺ በዚያው ማታ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍሽው።

ፎቶ አንሺውን ዲኮርሺያንም ልትጠቅሺብኝ ነው። ታይምስ ስኩዌር ላይ መብራት ደብቆ መንገደኛ ሲያነሳ አንዱ ከሰሰው፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ክሱን ዘጋው። ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ስለ ሕግ አይደለም የማወራሽ።

ፒያሳ ፎቶ ቤት እያለሁ የሆነውን ለእናትሽም አልነገርኳትም። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወዛደር አፉን ከፍቶ፣ የላቡ ጨው ግንባሩ ላይ ደርቆ፣ ተኝቶ አየሁትና አነሳሁት። አሳድጌ የሱቁ መስኮት ላይ ሰቀልኩት። ሰው እየቆመ ያየው ነበር፣ ኮራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው ራሱ መጣ። ታጥቦ፣ ንጹሕ ኮት ለብሶ። «ጌታዬ፣ አገር ቤት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው ብለው ነው የሚያስቡኝ። የወንድሜ ልጅ እዚህ አየኝ» አለኝ። አልጮኸም። ነገ አወርደዋለሁ አልኩት። ሥራ በዛብኝና አላወረድኩትም። ውሸቴን ነው ልጄ፣ ደንበኛ ስለሚያመጣልኝ ነው። አራት ቀን ቆየ። አራቱንም ማታ ሰውዬው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ኔጋቲቩ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ያ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አለ።

አንቺ ጎበዝ ነሽ። ዓይንሽ ከኔ ይበልጣል፣ ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ። ታደሰ መስፍን የሚስላቸውን የጉሊት ሴቶች አስታውሺ። የአንዳቸውንም ስም አናውቅም፣ ግን ረጃጅም አድርጎ፣ እንደ ምሰሶ አቁሟቸዋል። ከፊታቸው ሳልፍ ጎንበስ ማለት ይቃጣኛል። እንደዚያ ማየት ትችያለሽ። የተኛውን ግን ተዪው።

ፎቶውን ዛሬ አጥፊው። እናትሽ ሽሮና በርበሬ በሰው ልካልሻለች፣ ቅዳሜ አክስትሽ ቤት ሄደሽ ውሰጂ። ወፍራሙን ካፖርት ልበሺ። ማታ ብቻሽን በዚያ መስመር አትሂጂ።

ሰውዬውን ደግሞ ካገኘሽው፣ ነቅቶ ከሆነ፣ ይቅርታ ጠይቂው። ስሙንም ጠይቂው። ከነገረሽ ለኔም ጻፊልኝ።

አባትሽ