የተከሰሰ ተጫዋች ይሰለፍ ወይስ አይሰለፍ? ለወዳጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን። ናፍቆቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ የፌዴሬሽኑ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባል ሆነህ መመረጥህን መስማቴ ነው። በወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች ሜዳ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ደንብ የምታረቁት እናንተ ናችሁ ሲሉኝ፣ ሌላውን ወሬ ለሌላ ቀን ትቼ ስለዚሁ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልህ።

አቋሜን አስቀድሜ ልንገርህ። በከባድ ወንጀል ክስ የተመሠረተበት ተጫዋች ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ከውድድር ይገለል፤ ደመወዙ ግን አይነካ፣ ልምምዱም አይቋረጥ። በቀላል ወንጀል የተከሰሰ ይጫወት። ውሳኔውን ደግሞ ክለቡ አይወስን፤ አሠልጣኙማ ጭራሽ አይጠየቅ። አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ በሌለበት ምን እንደሚሆን ታውቀዋለህ፤ ጎል አግቢው ይሰለፋል፣ ተቀያሪው ይባረራል።

መጀመሪያ የሚነሣባችሁ ተቃውሞ «ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 2 ያስቀመጠው መብት ነው። ነገር ግን ይህ መብት በዋናነት የሚያስረው መንግሥትንና ዳኛን ነው። አስተማሪ በሕፃን ላይ ጥቃት አድርሷል ተብሎ ሲከሰስ ከክፍል የሚወጣው ጥፋተኛ ስለተባለ ሳይሆን፣ ክሱ ከሥራው ጋር ስለሚነካካ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ግን መንገድ ላይ ተጣላ ተብሎ ቢከሰስ ከጠረጴዛው የሚነሣበት ምክንያት የለም። ተጫዋች በሁለቱ መካከል ነው ያለው። ሥራው አደባባይ ላይ ነው፣ ማሊያውን ሕፃናት ይለብሱታል፣ ከሳሿም ስሙ በስታዲየም ሲዘመር ትሰማለች። ስለዚህ ከሜዳ ማውጣት ይቻላል፤ ማውጣቱ ቅጣት እንዳይሆን መጠበቅ ግን የእናንተ ግዴታ ነው። ደመወዙ ከተቆረጠ ወይም ማብቂያ ከሌለው፣ ስሙን ምንም በሉት ምን ቅጣት ነው።

በደንብ ልታጠኑት የሚገባው ምሳሌ የአውስትራሊያው የራግቢ ሊግ ነው። በ2019 መጀመሪያ ላይ ያወጡት ደንብ እንዲህ ይላል፤ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ እስራት ሊያስቀጣ በሚችል ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች በቀጥታ ከውድድር ይወጣል፤ ሙሉ ደመወዙን ያገኛል፣ ከቡድኑ ጋርም ይለማመዳል። ከዚያ ባነሰ ክስ፣ በተለይ ሴቶችና ሕፃናት ተጎድተዋል በተባለበት ጉዳይ፣ የሊጉ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አይቶ ይወስናል። የደንቡ ጥንካሬ ማንም ቁጭ ብሎ «ይህ ሰው አድርጎት ይሆን?» ብሎ እንዳይጠይቅ ማድረጉ ነው። የሚታየው የክሱ አንቀጽና አንቀጹ የያዘው ከፍተኛ ቅጣት ብቻ ነው።

ደንቡ ወዲያው ተፈተነ። ጃክ ዴ ቤሊን የተባለው ተጫዋች ደንቡ ከመውጣቱ በፊት፣ በ2018 መጨረሻ በወሲባዊ ጥቃት ተከሶ ነበር። ሥራዬን ከለከላችሁኝ ብሎ ሊጉን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በሜይ 2019 ገደቡ የሊጉን ተገቢ ጥቅም ለመጠበቅ ምክንያታዊ ነው ብሎ ለሊጉ ፈረደ። ከዚያ የመጣው ነገር ግን የሚያሳዝን ነው። በመጀመሪያው የወንጀል ችሎት፣ በ2020 መጨረሻ፣ ጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ተራ ዜጎች) ሳይስማማ ቀረ። በሁለተኛው ችሎት፣ በሜይ 2021፣ በአንዱ ክስ ነጻ ሲባል በቀሪዎቹ ጁሪው አሁንም አልተስማማም፤ ዐቃቤ ሕግም ክሱን አቋረጠ። ሰውየው ወደ ሜዳ ሲመለስ ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመናትና ከዚያ በላይ አልፈውታል። ደመወዙን አግኝቷል፤ በሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ተጫዋች ያጣውን ዕድሜ ግን ገንዘብ አይመልሰውም። ይህን ዋጋ አውቃችሁ ግቡበት፤ «ማንም አይጎዳም» ብላችሁ ለክለቦች እንዳትሸጡት።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልምጣ።

ደንቡ ከየትኛው ደረጃ ጀምሮ እንደሚሠራ ከሁሉ በፊት ለዩ። ጥቆማ፣ የፖሊስ ምርመራ፣ መያዝ፣ በዋስ መለቀቅ፣ ክስ መመሥረት፣ ፍርድ፤ ሁሉም ለየቅል ናቸው። የእኔ ምክር ክስ መመሥረት ላይ እንድታቆሙት ነው። በጥቆማ ወይም በመያዝ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ ተጫዋችን ከወሳኝ ጨዋታ ለማስቀረት አንድ የሐሰት አቤቱታ ይበቃል። ክስ ላይ ማስቀመጥም የራሱ ቀዳዳ አለው። ምርመራ ዓመት ከመንፈቅ ሲፈጅ ተጫዋቹ ያን ሁሉ ጊዜ ይጫወታል። በዚያ ላይ በአንዳንድ አገር ፖሊስ ከክስ በፊት የተጠርጣሪን ስም አይገልጽም፤ ክለቡ ያለ ምክንያት ከአሰላለፍ ካወጣው ስሙን በራሱ እጅ አወጣው ማለት ነው። ለዚህ ጊዜ ጠባብ በር ተዉ፤ ምርመራው ሕፃናትን የሚመለከት ከሆነና ተጫዋቹ በክለቡ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ የሚገባ ከሆነ፣ ከዚያ ቦታ ብቻ እንዲርቅ አድርጉ።

ተጫዋች ከውድድር የሚወጣበትን የቅጣት መነሻ ስታስቀምጡ የአውስትራሊያን 11 ዓመት እንዳለ አትገልብጡ። ቁጥሩ ከዚያ አገር የወንጀል ሕግ ጋር የተሰፋ ነው። የአገሩን ሕግ ዘርግታችሁ አስገድዶ መድፈር፣ ግድያ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስና የጨዋታ ውጤት ማጭበርበር የሚወድቁበትን መስመር ፈልጉ። የቤት ውስጥ ጥቃትን ግን በዓመት አትለኩት፤ በብዙ ሕጎች ውስጥ በቀላል ድብደባ አንቀጽ ስለሚከሰስ ከመነሻው በታች ይቀራል። በስሙ ጠርታችሁ ጻፉት።

የክስ ማመልከቻው እጃችሁ ሲገባ እንዴት እንደሚነበብ ከአሁኑ ተስማሙ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ትልቅ ርዕስ ያሳስታል። በእያንዳንዱ ክስ ሥር የተጠቀሰውን አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ተመልከቱ፤ አንዲት ንዑስ አንቀጽ ቅጣቱን ከ3 ዓመት ወደ 15 ልታወጣው ትችላለች። ቀኑንም ተመልከቱ። ዐቃቤ ሕግ ክስ ያሻሽላል፤ ከባዱ ተነሥቶ ቀላሉ ሲቀር ተጫዋቹ በዚያው ቀን የመጫወት መብቱ ይመለሳል። ደንባችሁ ይህን ካልጻፈ የተሻሻለው ክስ መዝገብ ቤት ተኝቶ ተጫዋቹ ለወራት በከንቱ ይቀመጣል። ከዚህ ጋር የዋስትና ትእዛዙን ቅጂ ጠይቁ። አንዳንዴ የእናንተ ውሳኔ ሳያስፈልግ ፍርድ ቤቱ ራሱ ጨርሶታል፤ ፓስፖርት ከተያዘ የውጭ ጨዋታ የለም፣ ማታ ከቤት አትውጣ ከተባለ የማታ ጨዋታ የለም። በተቃራኒው ደግሞ በ2013 የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት በግድያ የተከሰሰውን ሯጭ የኦስካር ፒስቶሪየስን የዋስትና ሁኔታ አላልቶ ለውድድር ወደ ውጭ እንዲሄድ ፈቅዶለት ነበር፤ ሳይወዳደር የቀረው በራሱ ምርጫ ነው። ስለዚህ «ፍርድ ቤቱ ፈቅዷል» የሚል ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ጠበቃ ይኖራል። ዳኛው የወሰነው ሰውየው ይጠፋል ወይስ አይጠፋም የሚለውን ነው፤ የእናንተ ጥያቄ ሌላ ነው።

ተጫዋቹን ስትጠሩት ምን እንደሆነ አትጠይቁት። ይህን በወፍራሙ አስምርበት። ለኮሚቴው የሚናገረው ቃል ነገ በወንጀል ችሎት ማስረጃ ሆኖ ሊጠራ ይችላል፤ ቃለ ጉባኤ የያዘው ጸሐፊም ምስክር ይሆናል። ዝም ማለቱም እንደ ማመን አይቆጠርበት። የምትጠይቁት የክሱን አንቀጽ፣ የዋስትናውን ሁኔታ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮና ከቡድኑ ውስጥ ምስክር የሆነ ሰው መኖሩን ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የቡድን ጓደኛው ወይም የክለቡ ወጌሻ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ከሆነ፣ ምስክር እንዳያገኝ የታዘዘ ተጫዋች አብሮ መልበሻ ቤት ሲገባ ዋስትናው ሊሰረዝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ልምምዱ በተለየ ሰዓት ይሁን።

ስለ ደመወዝ የሚጠራጠር የክለብ ፕሬዚዳንት ካለ የቤንጃሚን ሜንዲን ጉዳይ አንብቡለት። ተጫዋቹ በኦገስት 2021 በአስገድዶ መድፈር ሲከሰስ ክለቡ ማንቸስተር ሲቲ አገደው፤ ከሴፕቴምበር ጀምሮም ደመወዙን አቆመ። በ2023 ከቀረቡበት ክሶች ሁሉ ነጻ ተባለ፤ ውሉም በዚያው ዓመት ጁን ላይ አበቃ። በኖቬምበር 2024 የሥራ ክርክር ችሎቱ በእስር ካሳለፋቸው አምስት ወራት ገደማ በስተቀር አብዛኛው ያልተከፈለ ደመወዙ ይገባዋል ብሎ ወሰነ፤ የጠየቀው ወደ 11 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋ ነበር። ችሎቱ የተመለከተው ነገር ቀላል ነው፤ ውሉ ውስጥ ደመወዝ ለማቆም የሚፈቅድ አንቀጽ አልነበረም፣ ከእስር ውጭ በነበረበት ጊዜም ሰውየው ለመሥራት ዝግጁ ነበር። ስለዚህ ሦስቱንም ሁኔታ በሞዴል ውሉ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ከውድድር ሲገለል ሙሉ ደመወዝ፣ በእስር ላይ ሲሆን ክፍያ የለም፣ የጎልና የድል ጉርሻ ደግሞ አይታሰብም። የደመወዝ ጣሪያ ማለትም ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊከፍል የሚችለው ገደብ ያለበት ሊግ ከሆነ፣ የተገለለው ተጫዋች ክፍያ ከጣሪያው ስሌት ካልወጣ፣ ክለቦች ክሱን ለመደበቅ ምክንያት ያገኛሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ኮሚሽነር በምርመራ ላይ ያለን ተጫዋች እስከ 7 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ማስወጣት ይችላል፤ ማራዘሚያው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በመስማማት ነው። ጥሩ ይመስላል። በ2021 ግን ትሬቨር ባወር በተባለ ተጫዋች ላይ የተጀመረው 7 ቀን እየታደሰ እየታደሰ የውድድር ዘመኑ አለቀ። ለዚህ ነው የእድሳቱ ክብደት በፌዴሬሽኑ ላይ ይሁን የምልህ። በየ60 ቀኑ ሦስት አባላት ያሉት ገለልተኛ ጉባኤ ይሰብሰብ፤ መገለሉ ይቀጥል ዘንድ ምክንያት ማቅረብ የፌዴሬሽኑ ሥራ ይሁን፤ ጉባኤው ካልተሰበሰበ ተጫዋቹ በራሱ ይመለስ። ስብሰባ መዝለል ዋጋ ከሌለው ሁሌም ይዘለላል። ችሎቱ ከአንድ ዓመት በላይ ከተጓተተና መጓተቱ በተከሳሹ ጥያቄ ካልሆነ፣ ጉባኤው ከሁኔታ ጋር እንዲጫወት መፍቀድ ይችል። መጀመሪያው ላይ ደግሞ ፍጠኑ፤ ክሱ በታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ክለቡ ያሳውቅ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጉባኤው ይቀመጥ። በ1994 የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በተፎካካሪዋ ላይ በደረሰ ጥቃት እጇ አለበት የተባለችውን የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪ የቶንያ ሃርዲንግን ጉዳይ ለመስማት ሲነሣ የሊልሃመር የክረምት ኦሊምፒክ ደርሶ ነበር፤ እሷ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ኮሚቴው አፈገፈገ፣ ተወዳደረች። የክሱን ሂደት ለማደናቀፍ መመሳጠሯን በፍርድ ቤት ያመነችው ጨዋታዎቹ ካለቁ በኋላ በማርች ነው።

መግለጫ ስታወጡ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ ክስ መመሥረቱንና በደንቡ አንቀጽ ይህን ያህል መሠረት ተጫዋቹ ከውድድር መገለሉን ብቻ። «ሙሉ እምነት አለን» ያለ ክለብ ከሳሿን ውሸታም ብሏታል፤ «አጥብቀን እናወግዛለን» ያለ ደግሞ ፈርዷል። በደንቡ ውስጥ ለእሷም አንድ መስመር ይኑራት። ደጋፊዎች ስሟን ሲያወጡና ሲዝቱባት አቤት የምትልበት፣ ከክለቡ ውጭ የሆነ ሰው ይመደብላት።

ፍርዱ ከመጣ በኋላ ያለውን ክፍል በአጭሩ ጻፉት፤ ግን እንዳይቀር። በነጻ መሰናበት ከሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነጻ መሆን ማለት አይደለም፤ የወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ በላይ የሆነ ማስረጃ ይፈልጋል፣ የስፖርቱ ጉባኤ የሚጠይቀው ያነሰ ነው። የእንግሊዝ ክሪኬት ተጫዋቹ ቤን ስቶክስ በብሪስቶል ከተማ በተነሣ ጠብ ተከሶ በኦገስት 2018 ነጻ ከተባለ በኋላ የክሪኬት ሥነ ሥርዓት ኮሚሽን 8 ጨዋታ አግዶታል፣ 30,000 ፓውንድም ቀጥቶታል፤ ቀደም ብሎ ያመለጡት ጨዋታዎች ስለታሰቡለት ግን ተጨማሪ አልተቀመጠም። እናንተም የተገለለበትን ጊዜ ቁጠሩለት። ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ አትቅጡ፤ እጮኛውን የመታውን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ሬይ ራይስን በ2014 ሊጉ መጀመሪያ 2 ጨዋታ ቀጥቶ፣ የድብደባው ቪዲዮ ሲወጣ ላልተወሰነ ጊዜ አገደው፤ የግልግል ዳኛዋ ይህንኑ ምክንያት ይዛ ሁለተኛውን ሻረችው። ማስረጃ ሳይሰበሰብ የተቆረጠ ቅጣት ኋላ ሊስተካከል አይችልም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የመሸጋገሪያ አንቀጹ። ደንቡ በሚጸድቅበት ቀን ክስ ላይ ያሉ ተጫዋቾች ይኖራሉ፤ የዴ ቤሊንም ጉዳይ እንዲሁ ነበር። ለእነሱ በቀጥታ እንዲሠራ ከማድረግ ጉዳያቸው በ30 ቀን ውስጥ በጉባኤው ይታይ ብትሉ ይሻላል። ወደ ሌላ ክለብ የተዛወረ ተጫዋችም መገለሉ ከምዝገባ ወረቀቱ ጋር አብሮት ይሂድ። ረቂቁን ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ከመላካችሁ በፊት ላክልኝ፤ እነዚህን ሁለት አንቀጾች ቃል በቃል አይቼ በሳምንት ውስጥ እመልስልሃለሁ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ