ፊደል ለለዩ ጎልማሶች የልጆች መጽሐፍ አንስጣቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎልማሶች ፊደል ለይተው ቃል ማንበብ ሲጀምሩ እጃቸው የሚገባው ብዙ ጊዜ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ወይም ስለ ማዳበሪያ የሚያስተምር በራሪ ወረቀት ነው። ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ እናት ስለ ጥንቸልና ኳስ ሲያነቡ ያፍራሉ፤ በራሪው ደግሞ ያሰለቻቸዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። ብዙዎቹ ግን የሚያነቡት አጥተው የተማሩትን መልሰው ረሱት።

ለጎልማሳ የሚሆነው የጎልማሳ ታሪክ ነው፦ የውርስ ክርክር፣ የጠፋ ገንዘብ፣ ፍቅር፣ ስደት። ቋንቋው ቀላል ይሁን እንጂ ጉዳዩ አይቅለል።

ታሪክ የምንለው ያለምክንያት አይደለም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዶሮው ይበላል» የሚለውን ሲያላሉት ዶሮው በላተኛ ነው፤ ሲያጠብቁት ደግሞ የሚበላው እሱ ነው። አንባቢው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ከፊትና ከኋላ ካለው ነገር ነው። ስለዚህ የተነጣጠሉ ቃላት ዝርዝር ከታሪክ ይልቅ ይከብዳል። «እንዳልተነገራቸውም» ዓይነት 11 ፊደል ያለው ቃልም መጨረሻው ላይ ሲደረስ መጀመሪያው ይረሳል። ምልልስ የበዛበት መጽሐፍ እንዲህ ያለው ቃል ይቀንስለታል።

መጽሐፍ ስትመርጡ መሃሉን ገልጣችሁ 100 ያህል ቃል አስነብቡ። ከ5 በላይ ቃል ካደናቀፋቸው ለጊዜው ይቆይ። የፊደሉ መጠን ከ14 አይነስ፤ መስመሮቹም አይጠጋጉ። (ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ ይደክማል። «ቀስ ይላሉ» የተባሉ ብዙ ተማሪዎች የሚያስፈልጋቸው የንባብ መነጽር ነው፤ ከመጽሐፉ በፊት ይህን አጣሩ።) «ፀሐይ» በአንዱ ገጽ፣ «ጸሀይ» በሌላው የተጻፈበትን መጽሐፍ ተዉት፤ ለአዲስ አንባቢ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

በቃል የሚያውቁት ተረት፣ ዘፈን ወይም መዝሙረ ዳዊት ድፍረት ይሰጣል፤ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ማንበብና በቃል መድገም ይምታታሉ። ከመስመሩ መሃል አንድ ቃል ብቻ አሳይታችሁ ሌላውን በወረቀት ሸፍኑ፤ ያን ጊዜ ይለያል። ቅኔ ግን ለኋላ ይቆይ።

እንግሊዝኛ ለሚማሩ ጎልማሶችም ያው ነው። አማርኛ ማንበብ ሳይጸናላቸው ሌላ ፊደል አትደርቡባቸው። ከጸናላቸው በኋላ በደረጃ የተከፋፈሉ አጫጭር ልብ ወለዶች አሉ፤ አብዛኞቹ ደረጃቸው ሽፋናቸው ላይ ተጽፏል። ከዝቅተኛው ጀምሩ፤ የድምፅ ቅጂ ያለውን አስቀድሙ። መጀመሪያ ታሪኩን በአማርኛ ማውራት ግማሹን ሸክም ያቃልላል።

አሳታሚዎችን የምንለምነው ከ30 እስከ 40 ገጽ የሆነ፣ ምዕራፉ ከ3 ገጽ የማይበልጥ፣ ምዕራፉ ሲያልቅ «ከዚያስ?» የሚያሰኝ የአዋቂ ታሪክ ነው። ሽፋኑ ላይ «ለጀማሪ አንባቢ» ብላችሁ አትጻፉበት፤ ታክሲ ውስጥ ያለ እፍረት የሚገለጥ መጽሐፍ ይሁን።

ከጎልማሶች ትምህርት አመቻቾች
አዲስ አበባ