ማስቲካም ከፕላስቲክ ቆሻሻ ይቆጠር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በደሴና በኮምቦልቻ ስላለው የፕላስቲክ ቆሻሻ ያወጣችሁት ጽሑፍ ፌስታልና የውኃ ጠርሙስን በሚገባ ቢያነሳም ማስቲካን አልፎታል። መታለፍ አልነበረበትም።

ብዙ ሰው ማስቲካን የዛፍ ሙጫ አድርጎ ያስባል። ድሮ ልክ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከሜክሲኮና ከጓቴማላ የሚመጣ ቺክል የተባለ የዛፍ ሙጫ ይጠቀሙ ነበር። ልጆቻችን የሚነፉት ዓይነት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ የሠራውም ፊላደልፊያ በሚገኘው የፍሊር ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረው ዋልተር ዲመር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አብዛኞቹ አምራቾች ሙጫውን በሰው ሠራሽ ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክና ጎማ በሚሠራበት የቁስ ዓይነት፣ ተኩት። አንዱ ፖሊአይሶቡታይሊን ሲሆን ካላማደሪያ ከሚሠራበት ጎማ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ስኳሩና ማጣፈጫው አፍ ውስጥ ይሟሟሉ፤ የሚተፋው ይኸው ጎማ ነው። አይበሰብስም፤ የክረምት ጎርፍም ከፒያሳ ንጣፍ ድንጋይ አያላቅቀውም።

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1992 ማስቲካ እንዳይገባ ከልክላለች። እኔ ይህን ለወሎ ከተሞች አልመኝም፤ ማስቲካ አዙረው በመሸጥ ቤተሰብ የሚደግፉ ልጆች አሉና።

ማዘጋጃ ቤቶቹ በመናኸሪያዎችና በትምህርት ቤት በሮች ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ያስቀምጡ። መምህራንም ተማሪዎች የማስቲካውን ወረቀት ሳይጥሉ ይዘው፣ አኝከው ሲጨርሱ ጠቅልለው እንዲጥሉበት ከትምህርት መክፈቻው ሳምንት ጀምረው ያስተምሩ።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ