የጋዝ ቧንቧው አፈር ከመልበሱ በፊት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለማዕድን ሚኒስቴር

ክቡር ሚኒስትር፣

በሶማሌ ክልል፣ ኦጋዴን ውስጥ ያለው የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎታል። በመስከረም 2018 የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ እንደ ብዙ ኢትዮጵያዊ እኔም ደስ ብሎኛል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2017፣ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል የተባለው ይህ ፋብሪካ ጋዙን ከካሉብና ከሂላላ የሚያገኘው በቧንቧ ነው። የምጽፍልዎት ስለዚህ ቧንቧ ነው፤ በተለይም ብረቱን ከዝገት ስለሚጠብቀው ሽፋን።

ሙያዬ ይኸው ነው። የቧንቧ ሽፋን ተቆጣጣሪ፣ ሳይት ላይ እንደምንጠራው የኮቲንግ ኢንስፔክተር ነኝ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የጋዝና የነዳጅ መስመሮች ሲዘረጉ ሠርቻለሁ። ከዚያ ተነስቼ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ቦዩ ከመደፈኑ በፊት ሽፋኑን የሚመረምረው ሰው ደመወዙን ከተቋራጩ የማይቀበል ይሁን። "ይህ ቧንቧ አይቀበርም" ለማለትም በሕግ ሥልጣን ይሰጠው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምጠይቅ ላስረዳ። የጋዝ ቧንቧ ከፋብሪካ ሲወጣ ሽፋኑን ለብሶ ነው። አንዳንዱ ኢፖክሲ የሚባል ጠንካራ ቅብ ብቻ ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አንዳንዱ በኢፖክሲው ላይ ማጣበቂያና ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ይደረብበታል። ፋብሪካ ውስጥ የተቀባው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሜዳ ላይ ነው። አንድ ቧንቧ ርዝመቱ ባብዛኛው 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ80 በላይ የብየዳ መጋጠሚያ አለ። በ100 ኪሎ ሜትር ከ8,000 ያልፋል። መጋጠሚያው ላይ ያለው ብረት ራቁቱን ነው። እዚያው ሜዳ ላይ፣ በንፋስና በአቧራ መሐል፣ ሳንድብላስት ተደርጎ፣ ማለትም በግፊት በሚረጭ አሸዋ ጸድቶ፣ በእጅ ይሸፈናል። ብረቱ ላይ ጨው ከቀረ ሽፋኑ አይዝም። አቧራ ካረፈበትም አይዝም። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ከፍ ካላለም መቀባት የለበትም። ይህን ሁሉ የሚለካ ሰው ከሌለ መጋጠሚያው ከላይ ሲያዩት የሚያምር፣ ከሥር ግን ያልያዘ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የመጨረሻው ፍተሻ አለ። ቧንቧው ወደ ቦዩ ከመውረዱ በፊት ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መሣሪያ በሽፋኑ ላይ ይጎተታል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው፣ መሣሪያው ቀዳዳ ያለበት ቦታ ሲደርስ ብልጭታ ሰጥቶ ይጮኻል። ለወፍራም ሽፋን ቮልቴጁ እስከ 25,000 ይደርሳል። ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ከተደረገ ግን መሣሪያው ዝም ይላል፤ ዝምታውም "ሽፋኑ ደህና ነው" ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ መሣሪያው መኖሩ ብቻ አይበቃም። ቮልቴጁን ማን እንዳስተካከለው፣ ያ ሰው ለማን እንደሚሠራም ማወቅ ያስፈልጋል።

ተቋራጭ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በሠራው ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ነውር አይደለም፣ የሥራው ባሕርይ ነው። ነገር ግን ተቆጣጣሪው የዚያው ተቋራጭ ሠራተኛ ሲሆን "ቁም" ባለ ቁጥር የራሱን አለቃ ገንዘብ እያስቆመ ነው። በሠራሁባቸው ቦታዎች መሸት ሲል፣ ፍተሻው ሳያልቅ፣ ኤክስካቫተር አፈሩን ሲመልስ አይቻለሁ። የዚያን ዕለት ቅጽ ግን ሙሉ ነበር፣ ፊርማም ነበረው። ፈራሚው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ኮንትራቱ እንዲታደስለት የሚፈልግ ሰው ነበር። አጠገቡ ከመንግሥት የመጣ፣ በተቋራጩ የማይታዘዝ ሰው ቢኖር ቦዩ እስከ ማግስቱ ክፍት ይቆይ ነበር።

ሽፋን ሲጎዳ ምን እንደሚመጣ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2012 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሲሰንቪል በሚባል ቦታ፣ 20 ኢንች የጋዝ ቧንቧ ፈነዳ። የተቀበረው በ1967 ነበር። ሦስት ቤቶች ወደሙ፣ በአጠገቡ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ተቃጠለ። ሰው አለመሞቱ መታደል ነው። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሲመረምር የቧንቧው ግድግዳ በዝገት ወደ 70 በመቶ ተበልቶ አገኘው። ቧንቧው ሲቀበር በዙሪያው የተሞላው ድንጋያማ አፈር ሽፋኑን ሳይጎዳው እንዳልቀረ ገለጸ። ያው ድንጋይ ብረቱን ከዝገት እንዲከላከል የሚላከውን የኤሌክትሪክ ፍሰትም ሳያግደው አልቀረም።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አደራ እንዲያዩልኝ። ይህ በኤሌክትሪክ ፍሰት የሚደረግ መከላከያ ካቶዲክ ፕሮቴክሽን ይባላል። እኛ አገር "ካቶዲክ ፕሮቴክሽን ስላለው ሽፋኑ ቢጫጫር ችግር የለም" የሚሉ መሐንዲሶች ገጥመውኛል። ፍሰቱ ግን የሚጠቅመው ብረቱ ጋ ሲደርስ ነው። ሽፋኑ ከብረቱ ተላቆ ሳይቀደድ ከቀረ ውሃው ከሥሩ ይገባል፣ ፍሰቱ ግን ላይደርስ ይችላል። ዝገቱም ማንም ሳያየው ይሠራል። የኦጋዴን መሬት ደግሞ በብዙ ቦታ ድንጋያማ ነው፣ ጂፕሰምና ጨው ያለበትም አለ። ቦዩ ሥር ንጹሕ አሸዋ ሳይደረግ የወጣውን ድንጋይ መልሶ መጫን ሲሰንቪልን ወደ አገራችን ማምጣት ነው።

ሌላው የፀሐዩ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው ማውንቴን ቫሊ የተባለ መስመር በፍርድ ቤት ክርክር ሲጓተት፣ ኢፖክሲ የለበሱት ቧንቧዎቹ ለዓመታት ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ኢፖክሲ ደግሞ በፀሐይ ጨረር ይሳሳል። የቧንቧ ደህንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ጣልቃ ገብቶ፣ ከኩባንያው ጋር ተጨማሪ ፍተሻ የሚያስገድድ ስምምነት አደረገ። የእኛ ቧንቧ በጅቡቲ በኩል ገብቶ ጎዴ ሜዳ ላይ ተከምሮ ወራት ቢጠብቅ፣ የተከመረበትን ቀን የሚመዘግብ ማነው? ከየትኛው ቀን በኋላ እንደገና መለካት እንዳለበትስ ማን ይወስናል?

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ጉዳይ አጭርና ግልጽ ነው። ሽፋኑ ቦዩ ውስጥ ከመውረዱና ከመቀበሩ ቀድሞ ይመረመራል፣ ጉዳት ካለ ይጠገናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ለጋዝ ማስተላለፊያ መስመሮች አንድ ግዴታ ጨመረ። ከ300 ሜትር በላይ የሆነ ቧንቧ ከተቀበረ፣ አገልግሎት በጀመረ በ6 ወር ውስጥ ሽፋኑ ከመሬት በላይ በሚደረግ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ይታያል። ከባድ ጉዳት ከተገኘ ይጠገናል፣ መዝገቡም መስመሩ አገልግሎት ላይ እስካለ ይቀመጣል። እኛም እንዲህ ያለ መመሪያ ለማውጣት አደጋ መጠበቅ የለብንም።

ባለሙያ የለንም የሚል መልስ እንዳይሰጠኝ እፈራለሁ። አለን። በባሕረ ሰላጤው፣ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች በዚህ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ዓለም አቀፉ የመጀመሪያ ደረጃ የኢንስፔክተርነት ሥልጠና ከአንድ ሳምንት አያልፍም። ከቀብሪ ደሃርና ከጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመረቁ ወጣት መሐንዲሶች ሠልጥነው ልምድ ካለው ሰው ጎን መስመሩ ላይ ቢመደቡ፣ ሥራው እስኪያልቅ የራሳችን ተቆጣጣሪዎች ይኖሩናል። ወጪው ከአንድ ቧንቧ ጥገና ጋር አይወዳደርም። ለእነዚህ ልጆች ደመወዛቸውን በቀጥታ ሚኒስቴሩ ይክፈል እንጂ በተቋራጩ በኩል አይለፍ።

መስመሩ በሚያልፍበት አገር የሚኖረው ሕዝብ አርብቶ አደር ነው። ከብቱን በበርካ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ውሃ ያጠጣል፣ ቦታ ይቀያይራል። ድንኳኑን ሲተክል ከሥሩ ያለው ቧንቧ በምን ሁኔታ እንደተቀበረ የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ የየክፍሉ የሽፋን ፍተሻ ውጤት ለሕዝብ ይፋ ይደረግ፣ በሶማሊኛም ይተርጎም።

ምናልባት ይህ ሁሉ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ተካቶ ይሆናል። ከሆነ የተቆጣጣሪውን ሥልጣን የሚናገረውን አንቀጽ ያሳውቁን፣ እኔም በደስታ እቀበላለሁ። ካልተካተተ የመጀመሪያው ቦይ ሳይደፈን ይካተት። ቁፋሮው ቀድሞ ተጀምሮ ከሆነም፣ እስካሁን የተቀበረው ክፍል ጋዝ ሳይገባበት ከላይ ይፈተሽና ጉዳት የታየበት ቦታ ተቆፍሮ ይጠገን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቧንቧ ሽፋን ተቆጣጣሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ
ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን