ከቅዳሜው የማረሚያ ቤት ጉብኝት በፊት

የተከበራችሁ አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1፡30 ከዚራ ሰፈር ተገናኝተን እንሄዳለን። የድሬዳዋ ፀሐይ ሳይበረታ ብንጨርስ ይሻላል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

የዚህ ጊዜ ትኩረታችን ለብቻ ማሰሪያ ክፍሎቹ ላይ ነው። ባለፈው የተረኞችን መዝገብ ስገልጥ የሰባት ሌሊት ፊርማ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ሰዓቱ አንዲት ደቂቃ ሳይዛነፍ ተደርድሮ አገኘሁ። ጠባቂውን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ አንድ ሰው ሁለት ፈረቃ ከደረበ መዝገቡ የሚሞላው ሲነጋ ነው። ስለዚህ አስቀድመን የምንጠይቀው ለስንት ክፍል ስንት ሰው እንደተመደበ ይሁን።

በ2015 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የማንዴላ ደንቦች ለብቻ ማሰር የሚሉት በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ጋር ትርጉም ያለው ግንኙነት ሳይኖር መቆየትን ነው፤ ከ15 ተከታታይ ቀናት እንዳያልፍ ይከለክላሉ፤ የጤና ባለሙያም በየዕለቱ እንዲጎበኝ ያዛሉ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 ደግሞ በዘመድ፣ በሐኪምና በሕግ አማካሪ የመጎብኘት መብት ይሰጣል። እስረኛው ለብቻ ማሰሪያ ክፍሉ የገባበትን ቀን ከራሱም ከመዝገቡም ጠይቃችሁ አስተያዩ።

ስም አትጻፉ። ስልክ በር ላይ ስለሚቀር ደብተር ያዙ።